የዲኤክስን የፊት ጎማ ኩሽኔታ በግቢዎ መቀየር፦ ደረጃ በደረጃ

መኪናው ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የማጉረምረም ድምፅ ከፊት ጎማ በኩል ይሰማል? ምናልባት የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ሥራው ከሚመስለው ይቀላል። ግማሽ ቀን ጊዜ፣ ደልዳላ ቦታና ጥቂት መፍቻዎች ካሉዎት በገዛ እጅዎ ይቀይሩታል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። አዲስ ኩሽኔታ ያለ ዕድሜው የሚያልቀው በብዛት በሁለት ምክንያት ነው፤ አሸዋ ሲገባበትና የሚይዘው ዳዶ ያለ ልክ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመከላከል የተሰደሩ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ ደረጃ አይዝለሉ።

የትኛው መኪና?

መመሪያው የተዘጋጀው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረተው፣ በአገራችን «ዲኤክስ» እየተባለ ለሚጠራው ቶዮታ ኮሮላ የፊት ጎማ ነው። የዲኤክስ የሞተር ጉልበት የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ነው። የፊት ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ማዕከል) በሁለት ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታዎች ዘንጉ ላይ ይዞራል፤ በአንድ ዳዶም ይያዛል። ስለዚህ በእጅ መፍቻ ይፈታል፣ በእጅ መፍቻም ይገጠማል።

የቪትዝና የፊት ጎማቸው የሚነዳ የኋለኞቹ ኮሮላዎች የፊት ኩሽኔታ ግን በፕሬስ ተገፍቶ የሚገባ ነው። እሱን በመዶሻ አይሞክሩት፤ ፕሬስ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱት። የዲኤክስ የኋላ ኩሽኔታም ፕሬስ ይፈልጋል። እኛ የምንሠራው የፊቱን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ችግሩን ያረጋግጡ

1. ጸጥ ባለና ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ ይንዱ። ድምፁን ያዳምጡ።

2. ከአስፋልት ወደ ሌላ ዓይነት መንገድ ይሻገሩ። ድምፁ ከመንገዱ ጋር ከተቀየረ ምንጩ የጎማው ጥርስ ሊሆን ይችላል። ሳይቀየር ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ከጨመረ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ።

3. መሪውን በዝግታ ወደ ቀኝ ያዘንብሉ። የመኪናው ክብደት ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል። ድምፁ ከጨመረ የግራውን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ከጨመረ ደግሞ የቀኙን።

4. መኪናውን ያቁሙ። የተጠረጠረውን ጎማ በክሪክ ከመሬት ያንሱ።

5. ጎማውን አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች አድርገው ይያዙ። እየገፉና እየሳቡ ይነቅንቁት። ከተላወሰ ያስተውሉ።

6. ረዳትዎ የእግር ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝ ያድርጉ። ጎማውን እንደገና ይነቅንቁ። መላወሱ ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ የቦል ጆይንት ወይም የሌላ መጋጠሚያ ችግር ነው፤ እሱን አስቀድመው ያሠሩ።

7. ፍሬኑ ይለቀቅ። ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩ። የሚያንኮሻኩሽ፣ የሚጎረብጥ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል።

8. ጎማው ሲሽከረከር ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ብቻ የሚላወስ ከሆነ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል። ዳዶውን ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ወደ ክፍል ስምንት ከመሄድዎ በፊት ግን ግራሶው ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ።

የሚገዙ ዕቃዎች

ለአንድ ጎማ የሚያስፈልግዎ ይህ ነው፦

• የውስጥ ኩሽኔታ፣ ከነውጭ ቀለበቱ፤
• የውጭ ኩሽኔታ፣ ከነውጭ ቀለበቱ፤
• አንድ አዲስ ኦይል ሲል፤
• አንድ አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶውን የሚቆልፍ ሽቦ)፤
• የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ፣ ቁጥር 2 ሊቲየም፤ ሙቀት የሚችል መሆኑ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈ።

የውስጠኛው ኩሽኔታ ትልቅ፣ የውጭኛው ትንሽ ነው። ሁለቱ አይለዋወጡም። አዲስ ኩሽኔታን በአሮጌ ቀለበት ላይ አይግጠሙ፤ የአሮጌው ቀለበት ጉዳት አዲሶቹን ሮለሮች ቶሎ ይበላል። ኦይል ሲልና ኮፒሊያም ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ የሚጠብቁት ግን መላውን ጎማ ነው።

ግዢ ላይ ሦስት ነገሮች ያድርጉ። አንደኛ፣ መኪናው የሚሠራ ከሆነ ሻጩን በሞዴሉና በዓመቱ ያማክሩ፤ ከተፈታ ደግሞ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዘው ይሂዱ። በኩሽኔታው ጎን ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር ከአዲሱ ጋር መግጠም አለበት። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይሁን በሌላ ከተማ መለዋወጫ መደብር፣ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን ወይም ቲምከን የሚል ስም ስላለበት ብቻ አይመኑ፤ ተመሳስሎ የተሠራ ኩሽኔታ በዓለም ገበያ ላይ አለ። የተቀረጸው ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን ይመልከቱ፤ ዋጋው ከሌላው ሱቅ እጅግ ከወረደ ይጠርጥሩ። ሦስተኛ፣ ማሸጊያውን እስከሚገጥሙበት ሰዓት አይቅደዱ።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

• ክሪክ፤
• ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ፤
• አራት ታኮ፤
• የጎማ መፍቻ፣ ቁጥር 21፤
• የቡሶላ ስብስብ ከነእጀታው፤
• ፒንሳ፤
• ሰፊ አፍ ያለው ካቻቢቴና ቀጭን መሮ፤
• መዶሻ፤
• የነሐስ ወይም የለስላሳ ብረት በትር፣ ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህል፤
• ጠንካራ ሽቦ፣ ግማሽ ሜትር፤
• ቶርክ መፍቻ፣ ካለ፤
• የሽቦ ብሩሽና ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፤
• ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ፣ ከሳፋ ጋር፤
• ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ በርከት ያለ፤
• ንጹሕ ካርቶን፤
• የዓይን መነጽርና የፕላስቲክ ጓንት።

ለማጠቢያ ቤንዚን አይጠቀሙ። ትነቱ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል።

ማታውን የሚሠራ አንድ ዝግጅት

አዲሶቹን የውጭ ቀለበቶች ከነማሸጊያቸው በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ጠዋት ሞዞው ውስጥ ሲገቡ እምብዛም አያስቸግሩም።

ክፍል አንድ፦ ጎማውን ማውረድ

9. መኪናውን በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ። ለስላሳ አፈር ላይ አይሥሩ፤ ክሪኩ ይሰምጣል።

10. የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ማርሽ አንድ ያስገቡ።

11. ለኋላ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ታኮ ያድርጉ።

12. የጎማውን ዳዶዎች ገና መሬት ላይ ሳለ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ያላሉ። አይፍቷቸው።

13. መኪናውን በክሪክ ያንሱ።

14. መደገፊያ ብረቱን ጠንካራ ሻንሲ ሥር ያስቀምጡ። መኪናውን ቀስ ብለው መደገፊያው ላይ ያሳርፉ።

15. መኪናውን በእጅዎ ገፋ አድርገው ይፈትሹ። የሚወዛወዝ ከሆነ እንደገና ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅዎንም አያስገቡ።

16. ዳዶዎቹን ይፍቱ። ጎማውን ያውርዱ። ጎማውን መኪናው ሥር አስተኝተው ያስቀምጡ፤ መደገፊያው ቢንሸራተት ተጨማሪ መከላከያ ይሆናል።

ክፍል ሁለት፦ ፍሬኑንና ሞዞውን ማውጣት

17. መሪውን ወደሚሠሩበት ጎማ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዙሩ። ከኋላ ያሉት ብሎኖች ይታያሉ።

18. የፍሬኑን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በአየር አይንፉት፣ በአፍዎም አይንፉት። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ለሳንባ ጎጂ ነው።

19. ካሊፐሩን ከነመያዣው የያዙትን ሁለት ብሎኖች ከኋላ በኩል ይፍቱ። የቡሶላውን ልክ በትክክል ይምረጡ፤ የላላ ቡሶላ የብሎኑን ጭንቅላት ያበላሻል።

20. ካሊፐሩን ከዲስኩ ላይ ሳብ አድርገው ያውጡ። የፍሬኑን ቱቦ አይፍቱ።

21. ካሊፐሩን በሽቦ ከሞላው ላይ ይስቀሉት። በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዲቀር አያድርጉ፤ ቱቦው ከውስጥ ይቀደዳል።

22. ካሊፐሩ ወርዶ ሳለ ማንም የፍሬን ፔዳል እንዳይረግጥ ያስጠንቅቁ። ፒስተኑ ተገፍቶ ይወጣል።

23. መሬት ላይ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደርድሩ።

24. የግራሶ ኮፍያውን በካቻቢቴና በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ በቀስ እየነኩ ያውጡ። በአንድ ጎን ብቻ አይፈንቅሉት፤ ይጣመማል።

25. የኮፒሊያውን እግሮች በፒንሳ ያቅኑ። ይሳቡና ያውጡት። ይጣሉት።

26. ዳዶውን የሸፈነውን ጥርስ ያለው መቆለፊያ ቆብ ያንሱ።

27. ዳዶውን ይፍቱ።

28. ሞዞውን ወደ ራስዎ ትንሽ ሳብ አድርገው ይመልሱ። ሮንዴላውና የውጭኛው ኩሽኔታ ወደ ፊት ብቅ ይላሉ። በእጅዎ ይቀበሏቸው፤ መሬት አይውደቁ።

29. ሞዞውን ከነዲስኩ በሁለት እጅ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ከዘንጉ ይወጣል። ከባድ ስለሆነ እግርዎን ከሥሩ ያርቁ።

30. የውስጠኛው ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ ቀርቶ ከሆነ በሁለት ካቻቢቴ ከግራና ከቀኝ እኩል እየገፉ ያውጡት።

ክፍል ሦስት፦ አሮጌውን ማውጣት

31. ሞዞውን በንጹሕ እንጨት ላይ፣ የውስጥ ጎኑን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ። የዲስኩን ፊት ከመጫር ይጠብቁ።

32. ኦይል ሲሉን በካቻቢቴ ፈንቅለው ያውጡ። ቢጣመም ግድ የለም፤ ይጣላል። የሞዞውን ግድግዳ ግን አይጫሩ።

33. የውስጠኛውን ኩሽኔታ ያንሱ። ከውጭኛው ጎን ያስቀምጡት።

34. አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጠርገው ያውጡ። ቀለሙን ይመልከቱ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ኩሽኔታው ተፈጭቷል።

35. መነጽርዎን ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ሳይለብሱ አይምቱ። የኩሽኔታ ብረት ጠንካራና ተሰባሪ ነው፤ ስንጥሩ ዓይን ያጠፋል።

36. ሞዞው ውስጥ ይመልከቱ። ከቀለበቱ ጀርባ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉ። የቀለበቱ ጠርዝ በእነሱ በኩል ይታያል።

37. የነሐስ በትሩን በአንደኛው ጎድጓዳ አስገብተው የቀለበቱን ጠርዝ ይንኩ። አንድ ጊዜ ይምቱ።

38. በትሩን ወደ ሁለተኛው ጎድጓዳ ያዛውሩ። አንድ ጊዜ ይምቱ። እየተፈራረቁ ይቀጥሉ። ቀለበቱ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ካዘነበለ ይነክሳል።

39. ሞዞውን ይገልብጡ። ሁለተኛውን ቀለበት በተመሳሳይ መንገድ ያውጡ።

40. አሮጌዎቹን ቀለበቶች አይጣሉ። አዲሶቹን ለማስገባት ይጠቅማሉ።

ክፍል አራት፦ ማጽዳት

ይህን ክፍል አያሳጥሩት። ሥራው የሚድነውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

41. ሞዞውን በነጭ ጋዝ ይጠቡ። ጥጋ ጥጉን በብሩሽ ይፈልፍሉ።

42. በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ጣትዎን ቀለበቱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያዙሩ። ሸካራ ነገር ከነካዎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱና እንደገና ይጠቡ።

43. የዲስኩን ሁለት ፊቶች ከግራሶና ከጋዝ ያጽዱ። ቅባት የነካው ዲስክ ፍሬን አይዝም።

44. ዘንጉን ጠርገው ይመርምሩ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ከሰማያዊ ቀለም፣ ከጥልቅ ጭረትና ከስንጥቅ ነጻ ይሁን። ስንጥቅ ካዩ ሥራውን ያቁሙ፤ ዘንጉ መቀየር አለበት።

45. የዳዶውንና የዘንጉን ጥርስ ያጽዱ። ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መዞር አለበት።

46. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጓንት ይቀይሩ። የሥራ ካርቶኑን በአዲስ ይተኩ።

ክፍል አምስት፦ አዲሶቹን ቀለበቶች ማስገባት

47. ሞዞውን ፀሐይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያሙቁ። ቀለበቱን ከፍሪዘርና ከማሸጊያው ያውጡ። ከዚህ በኋላ ይፍጠኑ።

48. የቀለበቱን አቅጣጫ ያረጋግጡ። ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ሞዞው ውስጥ ይግባ። ሰፊው አፉ ወደ እርስዎ ይይ።

49. ቀለበቱን በእጅዎ ቦታው ላይ ደልድለው ያስቀምጡ።

50. አሮጌውን ቀለበት በአዲሱ ላይ ገልብጠው ይደርቡ። በዙሪያው ተራ በተራ፣ በቀላል ምት ይምቱ። መዶሻው አዲሱን ቀለበት በቀጥታ አይንካው።

51. አሮጌው ቀለበት ሞዞው ውስጥ መግባት ሲጀምር ያውጡት። ከዚያ በኋላ በነሐስ በትሩ ጠርዙን ብቻ እየዞሩ ይምቱ። ሮለር የሚሮጥበትን የሚያብረቀርቅ ፊት አይንኩ።

52. ድምፁን ያዳምጡ። ቀለበቱ እስኪደርስ ድረስ ድምፁ የታፈነ ነው። ታች ሲደርስ ጠንካራና የሚያቃጭል ድምፅ ይሰጣል። ያኔ ያቁሙ።

53. ዙሪያውን በዓይንዎ ይፈትሹ። በቀለበቱና በመቀመጫው መካከል ክፍተት አይታይ።

54. ሁለተኛውን ቀለበት በዚሁ መንገድ ያስገቡ። ከዚያም ሞዞውን ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይጥረጉ።

ክፍል ስድስት፦ ግራሶ መሙላት

55. አዲሶቹን ኩሽኔታዎች አሁን ከማሸጊያቸው ያውጡ።

56. የሎሚ ያህል ግራሶ በመዳፍዎ ላይ ያድርጉ።

57. የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ወደ መዳፍዎ አድርገው ይያዙ። ጠርዙን ወደ ግራሶው እየጫኑ ይሳቡ።

58. ግራሶው በሮለሮቹ መካከል አልፎ በጠባቡ ጎን ብቅ እስኪል ይድገሙ። ከዚያ ኩሽኔታውን ትንሽ ያዙሩና ቀጣዩን ቦታ ይሙሉ። ዙሩን ሙሉ ይጨርሱ።

59. በሮለሮቹ ላይ ከውጭም ስስ ግራሶ ይቀቡ። ሁለተኛውንም ኩሽኔታ እንዲሁ ያድርጉ።

60. በሞዞው ውስጥ፣ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ግራሶ ይለጥፉ። የቀለበቶቹን ፊትም ይቀቡ። ሞዞውን ግን ጢም አድርገው አይሙሉ፤ ሲሞቅ የሚስፋፋበት ቦታ ያጣና ኦይል ሲሉን ገፍቶ ፍሬኑ ላይ ይፈስሳል።

61. ሁለት ዓይነት ግራሶ አይቀላቅሉ። አንዱ ሌላውን ሊያቀጥነው ይችላል።

ክፍል ሰባት፦ መልሶ መግጠም

62. የውስጠኛውን ትልቅ ኩሽኔታ ቀለበቱ ውስጥ ያስቀምጡ። ጠባቡ ጎን ወደ ውስጥ ይግባ።

63. አዲሱን ኦይል ሲል በላዩ ያድርጉ። የጎማ ከንፈሩ ወደ ኩሽኔታው ይይ።

64. ኦይል ሲሉን ጠፍጣፋ እንጨት ደርበው በቀላሉ ይምቱ። ከሞዞው ጠርዝ ጋር ሲስተካከል ያቁሙ።

65. የኦይል ሲሉን ከንፈር በግራሶ ይቀቡ። ደርቆ ከገባ በመጀመሪያው ጉዞ ሊቃጠል ይችላል።

66. ዘንጉን በስሱ ግራሶ ይቀቡ።

67. ሞዞውን ቀጥ አድርገው ዘንጉ ላይ ያስገቡ። የዘንጉ ጥርስ የኦይል ሲሉን ከንፈር እንዳይቀድ ቀስ ይበሉ።

68. የውጭኛውን ትንሽ ኩሽኔታ ያስገቡ። ጠባቡ ጎን ወደ ውስጥ።

69. ሮንዴላውን ያስገቡ። የሮንዴላው ምላስ በዘንጉ ላይ ካለው ቦይ ጋር ይግጠም።

70. ዳዶውን በጣትዎ ያስገቡ።

ክፍል ስምንት፦ ዳዶውን ማስተካከል

71. ሞዞውን በአንድ እጅ እያሽከረከሩ ዳዶውን ወደ 30 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ቶርክ መፍቻ ከሌለዎት 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ይጫኑ፤ ልኩ ያው ነው።

72. ሞዞውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብዙ ጊዜ ያሽከርክሩ። ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ።

73. ዳዶውን በጣት እስኪዞር ድረስ ያላሉ።

74. ቡሶላውን ያለ እጀታ በዳዶው ላይ ያድርጉ። በእጅዎ ጉልበት ብቻ የቻሉትን ያህል ያጥብቁ። እጀታ አይጨምሩ።

75. ሞዞውን ያሽከርክሩ። ያለ ችግር፣ በለስላሳው መዞር አለበት።

76. ሞዞውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ሊላወስ አይገባም። ከተላወሰ ከ71ኛው ደረጃ ይጀምሩ። ከከበደ ዳዶውን በጥቂቱ ያላሉ።

77. መቆለፊያ ቆቡን በዳዶው ላይ ያድርጉ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ቆቡን አንስተው በሌላ ጥርስ ይሞክሩ። አሁንም ካልገጠመ ዳዶውን ቀዳዳው እስኪገጥም ድረስ ብቻ፣ እጅግ በጥቂቱ ያንቀሳቅሱ። ከዚያ 75ኛውንና 76ኛውን ደረጃ ይድገሙ።

78. አዲሱን ኮፒሊያ ያስገቡ። እግሮቹን ወደ ሁለት ጎን ያጥፉ። ኮፒሊያ ሳያስገቡ መኪናውን ከቦታው አያንቀሳቅሱ። ዳዶው ወልቆ ጎማው እንዳይወጣ የሚጠብቀው ይህች ትንሽ ሽቦ ናት።

79. በኮፍያው ውስጥ ጥቂት ግራሶ ያድርጉ። ኮፍያውን ዙሪያውን እየነኩ ይግጠሙ። የኮፒሊያው ጫፍ ኮፍያውን እንዳይነካ ያረጋግጡ።

ክፍል ዘጠኝ፦ ፍሬኑንና ጎማውን መመለስ

80. የዲስኩን ሁለት ፊቶች እንደገና ይጥረጉ። የጣት አሻራ ግራሶ እንኳ አይቅር።

81. ካሊፐሩን ከሽቦው ያውርዱ። በዲስኩ ላይ ያስገቡት። የፍሬን ቱቦው አለመጠማዘዙን ይመልከቱ።

82. ሁለቱን ብሎኖች በእጅ ያስጀምሩ። ከዚያ በመፍቻ በደንብ ያጥብቁ።

83. ጎማውን ይመልሱ። ዳዶዎቹን በጣት ያስጀምሩ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በመፍቻ ያቅርቧቸው።

84. መኪናውን በክሪክ ትንሽ ያንሱ። መሬት ላይ የተኛ ዕቃ ካለ ያውጡ። መደገፊያውን ያውጡ። መኪናውን ያውርዱ።

85. የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ወደ 100 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

86. ሞተር ሳያስነሱ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ። ጠንከር እስኪል ድረስ ይቀጥሉ። ይህን ሳያደርጉ ከግቢ አይውጡ፤ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል።

87. ታኮዎቹን ያንሱ።

ክፍል ዐሥር፦ መሞከር

88. በዝግታ፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ። ፍሬኑን መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞክሩ።

89. ያቁሙ። እጅዎን ወደ ሞዞው መሐል በጥንቃቄ ያቅርቡ፤ በድንገት አይጨብጡ። ከሌላኛው ጎማ እጅግ የሚሞቅ ከሆነ ዳዶው ጠብቋል። ቤት ሲመለሱ ከ71ኛው ደረጃ ይጀምሩ።

90. የጎማ ዳዶዎቹን መጥበቅ እንደገና ይፈትሹ።

91. ከአንድ ሳምንት በኋላ ጎማውን አንስተው ከላይና ከታች ይነቅንቁ። አዲስ ኩሽኔታ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ሊላላ ይችላል። ከተላወሰ ዳዶውን ያስተካክሉ፤ ሌላ አዲስ ኮፒሊያ ያስገቡ።

አንዳንድ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ሞዞው ዘንጉ ላይ እስከ መጨረሻው አልገባም። የውስጠኛው ኩሽኔታ ወይም ቀለበቱ አልተደላደለም። ያውጡና ይፈትሹ። በዳዶው ጉልበት ገፍተው አያስገቡት።

ዳዶው ጠብቆም ሞዞው ይላወሳል። ከቀለበቶቹ አንዱ ታች አልደረሰም። 52ኛውንና 53ኛውን ደረጃ ይመልከቱ።

ሲነዱ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ጎማውም ይሞቃል። ካሊፐሩ ተይዟል ወይም ግራሶ የፍሬን ሸራውን ነክቷል። ግራሶ የነካ ሸራ አይታጠብም፤ ይቀየራል፤ በግራና በቀኝ በአንድ ላይ።

ድምፁ አልጠፋም። በሌላኛው በኩል ያለው ኩሽኔታ ወይም የጎማው ጥርስ ሊሆን ይችላል። ከ1ኛው ደረጃ ጀምረው እንደገና ይመርምሩ።

የሌላኛውን ጎማ ኩሽኔታም የሚቀይሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ጨርሰው ይጀምሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይፍቱ። ያልተፈታው ወገን፣ ግራ ሲገባዎ የሚያዩት ምሳሌ ነው።

የቀየሩበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ በወረቀት ላይ ጽፈው በመኪናው ኪስ ያስቀምጡ። ኩሽኔታውን በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ አውጥተው ያጽዱ፤ አዲስ ግራሶ ይሙሉ። በክረምት ጎማው ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ኪሎ ሜትር አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ይክፈቱት። ንጹሕ ግራሶና በልኩ የጠበቀ ዳዶ ያለው ኩሽኔታ ለብዙ ዓመት ድምፅ ሳያሰማ ያገለግላል።